ለጋሼ ደምሰው መንገድ ያነበብኩበት ቅዳሜ

ይቺን ስሙኝ። ቁጭ ብላችሁ ስሙኝ፤ መቆጣት ካለባችሁ ከጨረስኩ በኋላ ተቆጡ። እኔ ጸሐፊ አይደለሁም። አዲስ አበባ ሰባተኛ ክፍል አቋርጬ ነው አሜሪካ የመጣሁት፤ ዊተን ደግሞ ሃይስኩል ገብቼ አስራ አንደኛ ላይ በቃኝ ብዬ ወጣሁ። ፊደል ተሳስቼ ካያችሁ ዝለሉት። ነገሩን ግን አልሳሳትም፤ እዚያ መኪና ውስጥ ነበርኩ።

ያለፈው እሁድ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ አዳራሽ ውስጥ የእራት ግብዣ ነበር። ተጋብዤ አይደለም የሄድኩት፤ የእንግዶቹን መኪና የምናቆመው እኔና አራት ልጆቼ ስለሆንን ነው። ልጆቼ ስል የምቀጥራቸውን ማለቴ ነው። የአንዱን ሰውዬ ቁልፍ ልመልስ ወደ ውስጥ ብቅ አልኩ። መድረኩ ላይ አንድ ሽማግሌ ቆመዋል። ከኋላቸው ትልቅ ስክሪን አለ፤ ስክሪኑ ላይ አንዲት ነጭ ፔጆ አቧራ ውስጥ ትታጠፋለች። መድረክ መሪው "የአገራችን የመኪና ውድድር አባት" ብሎ ካባ አለበሳቸው። ሰው ተነስቶ አጨበጨበ፣ እሳቸውም እንባቸውን ጠረጉ። እኔ በሩ ጋ የሰው ቁልፍ ይዤ ቆሜ ደሜ ፈላ። ያቺን ፔጆ ማን እንደነዳት አውቃለኋ! የነዷት ሰው ከዚያ አዳራሽ አስር ደቂቃ በማይሞላ መንገድ፣ የአዛውንቶች አፓርትመንት ስድስተኛ ፎቅ ላይ ቴሌቪዥን እያዩ ነበር። የጠራቸው የለም።

ጋሼ ደምሰው ይባላሉ። ሙያቸው ውድድር መንዳት ነበር፤ በደሞዝ፣ በወር በወር እየተከፈላቸው። ስለ ፔጆዋ ግን ብዙ አላወራም፣ እሷን አላየሁም። የማወራው ያየሁትን ነው።

አስራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ወንዙ አካባቢ ካሉት ሆቴሎች የአንዱ ምድር ቤት ውስጥ ፓርኪንግ እሰራ ነበር። ጋሼ ያኔ ስልሳ ሰባት ሞልቷቸዋል፤ ፈረቃችን አንድ ነበር። ፓርኪንግ የሰራችሁ ታውቃላችሁ፣ ወጣት ከሆንክ የሰው ቤንዝ ስትይዝ ትንሽ ታብዳለህ። ጥምዙ ላይ ጎማ ታስጮሃለህ፣ ኮንክሪቱ ያስተጋባል፣ ጓደኞችህ ይስቃሉ። ጋሼ ግን ድምጽ የላቸውም። ከታችኛው ፎቅ መኪና ይዘው ሲመጡ መብራቱ ነው ቀድሞ የሚታይህ፤ ከኛ እኩል ይደርሳሉ፣ እንዲያውም ይቀድሙናል፣ ግን ባለቤቱ ኩባያው ውስጥ ትቶት የሄደው ቡና ጠብ አይልም። እኛ ዕድሜ ነው ብለን እንስቅባቸው ነበር። ሞኞች ነበርን።

እኔ ከእናቴ ጋር ዊተን ነበር የምኖረው፣ እሳቸው ሲልቨር ስፕሪንግ። ከስራ ስንወጣ በቶዮታቸው ይወስዱኝ ነበር። ቤልትዌይ ላይ፣ ከተማውን የሚዞረው አውራ ጎዳና ላይ፣ ስንገባ እኔ አፌን አልዘጋም። "በቀኝ ነጭ ቫን ሳያይ ሊገባ ነው። ፊት ሶስተኛው መኪና ፍሬን ያዘ። ይቺ ሴትዮ ስልክ ላይ ናት፣ ይራቋት።" ይሄ ልማዴ ነው፤ ዓይኔ ያየውን አፌ ሳይናገር አያድርም። በዚህ አፍ ከሁለት ስራ ተባርሬያለሁ። ትምህርት ቤትም ቢሆን እኔ ተውኩት እላለሁ እንጂ የተወኝ እሱ ነው። የማውቀው ሰው ሁሉ የሚለኝ አንድ ነገር ነበር፣ ዝም በል።

ዝም የምለው አንድ ቦታ ብቻ ነበር። ያገሬ ትልቅ ሰው ሲናገር። እናቴ ልጅ ሆኜ ትልቅ ሰው ሲያወራ አፌን ከከፈትኩ በእጇ ጀርባ ነበር ከንፈሬን የምትለኝ፤ እና ማናጀሩ ላይ እንደ ውሻ የምጮኸው ልጅ፣ ጋሼ አንድ ወሬ ሲጀምሩ ቫኑንም ሴትዮዋንም ትቼ እግሬን ሰብስቤ እሰማለሁ። እሳቸው ይሄንን አላስተዋሉትም። እኔም አላስተዋልኩትም። በኋላ ዋጋ አስከፈለን።

አንድ ቀን ወንዙን የምንሻገርበት ድልድይ ላይ ዝናብ እየጣለ ነበር። ተናግሬ ተናግሬ፣ ሰለቹኝ ብዬ ዝም ስል፣ "ቀጥል" አሉኝ።

"ምኑን?"

"መንገዱን ነዋ። ምላስህ ከዓይንህ እኩል ነው የሚሮጠው። ይሄ የትም አይገኝም።"

በሕይወቴ አፌን ያመሰገነ የመጀመሪያው ሰው ናቸው። ቀጠልኩ፤ እስከ ቤቴ ድረስ አፌ አልተዘጋም።

ፓርኪንጉ ውስጥ በወር የሚከፍል ሮይ የሚባል ደንበኛ ነበረን። ፊቱ ቀይ፣ ድምጹ ወፍራም፣ የቨርጂኒያ ሰው። ቅዳሜና እሁድ ጫካ ውስጥ በጠጠር መንገድ የሚደረግ ውድድር ይወዳደራል፤ ለዚያ ያዘጋጃት አሮጌ ቮልቮ ነበረችው። አንድ ቀን መኪናው ከፊቱ ተዘግቶበት ቸኩሎ ሲነጫነጭ፣ ጋሼ ገብተው ያንን ጠመዝማዛ መውጫ ከታች እስከ ላይ በሪቨርስ አወጡለት። አንዴም አልቆሙ፣ አንዴም አላስተካከሉ። ሮይ ቁልፉን ተቀብሎ አልሄደም። ይሄንን የት ተማርክ አላቸው። ጋሼ በዚያች በቆጠቧት እንግሊዝኛቸው፣ ድሮ ውድድር እነዳ ነበር አሉት። እኔ የቀረውን ሞላሁ፤ ያላሉትንም ጨመርኩበት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሮይ ሲመጣ ከጋሼ ጋር ጎማና ፍሬን ሲያወሩ ይቆማሉ። ሰመሩ ሊያልቅ ሲል ሮይ ጉልበቱን ኦፕራሲዮን ሆነ፣ ፍሪሲዮን መርገጥ አቃተው። ለፎል፣ ቅጠል በሚረግፍበት ወር ለሚደረገው ውድድር ተመዝግቧል፣ መኪናዋ ተዘጋጅታለች። ጋሼን አንተ ንዳልኝ አላቸው። ጋሼ ሳምንት ሙሉ መልስ አልሰጡም። በሳምንቱ ያው ድልድይ ላይ ስንደርስ፣ "አንተ ካነበብክልኝ እነዳለሁ" አሉኝ።

በእንዲህ ያለ ውድድር ሾፌሩ ብቻውን አይደለም። አጠገቡ አንድ ሰው ይቀመጣል። ቀድመው መንገዱን ቀስ ብለው ይሄዱበትና እያንዳንዱን ጥምዝ ይጽፉታል፤ በውድድሩ ቀን ያ ሰው ወረቀቱን እያየ ከፊት የሚመጣውን ይናገራል፣ ሾፌሩ የሚሰማውን ይነዳል። ጋሼ "አንባቢ" ነው የሚሉት። ሥራው በአጭሩ ማውራት ነው። ለኔ የተፈጠረ ሥራ።

ለምን እንደፈለጉት ጠየቅኳቸው። ያኔ ነው የነገሩኝ። አዲስ አበባ የሚነዱላቸው ሰው መኪና አስመጪ አባት ያላቸው ወጣት ኢንጂነር ነበሩ። መኪናዎቹ የኢንጂነሩ፣ ሾፌሩ ጋሼ። ስድስት ዓመት ነዱላቸው። አሸንፈው ሲመጡ ዋንጫው የኢንጂነሩ ሳሎን ይገባል፤ የውጤቱ ወረቀት ላይም ጋዜጣው ላይም የሚወጣው የባለመኪናው ስም ነው። ጋሼ ቅጥረኛ ናቸው፤ እንደ ጎማው፣ እንደ ካንዴላው። ኋላ ጊዜው ተለወጠ፣ ውድድሩ ቆመ፣ ሁሉም ተበተነ። "እድሜ ልኬን የነዳሁትን" አሉኝ፣ "አንድ ወረቀት ላይ ስሜ ወጥቶ ማየት እፈልጋለሁ። አንደኛ መውጣት አይደለም። ከጨረስክ ስምህ ይወጣል። መጨረስ ነው የምፈልገው።"

በዚህ ቁጣዬ ተነሳ፣ እስከ ዛሬም አልበረደም።

የሾፌሩ መመዝገቢያ ፎርም ላይ ደግሞ በፊት የተወዳደሩበትን የሚመሰክር ደብዳቤ ቢኖር ይያያዝ ይላል። ኢንጂነሩ እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ ቢሮ ከፍተው ቤት ይሸጣሉ። ጋሼ ሸሚዛቸውን ተኩሰው፣ እኔን አስከትለው ሄዱ። ኢንጂነሩ በደንብ ነው የተቀበሉን፣ አልዋሽም። "ደምሰው! አንተ ሰው፣ እንዴት ነህ?" ብለው አቀፏቸው። ጋሼ ግን ኢንጂነሩ እስኪቀመጡ ድረስ ቆመው፣ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎ እንዴት ነዎት?" ይላሉ። በኋላ ስጠይቅ ኢንጂነሩ ከጋሼ በሶስት ዓመት ያንሳሉ። ጸሐፊዋ ደብዳቤውን በእንግሊዝኛ ጻፈች፣ ፈረሙ፣ ማኅተም አሳረፉ፣ እስከ በሩ ሸኙን።

መኪና ውስጥ ገብተን ጋሼ ምን ይላል አሉኝ። አነበብኩት። ይሄ ሰው ለስድስት ዓመት የቤተሰባችን ሾፌር ሆኖ በታማኝነት አገልግሏል ይላል። ጸባዩ የተመሰገነ፣ ሰዓት አክባሪ፣ ከመጠጥ የራቀ። ውድድር የሚል ቃል የለም። ደብዳቤውን ሁለቴ አገላበጥኩት፤ የለም።

ተመልሼ ገብቼ ልጮህ በሩን ስይዝ፣ ጋሼ ከሳቸው በኩል ቆልፈውታል። ሞተሩን አስነሱ። ጆርጂያ አቬኒው ላይ ሁለት መብራት ካለፍን በኋላ፣ "ከመጠጥ የራቀ ያሉት እንኳ ውሸት ነው" አሉ። ስቄ ልሞት ደረስኩ። እሳቸው አልሳቁም።

ደብዳቤውን አላያያዝንም። ሮይ የውድድር ክለቡን አስተማሪ ለመነውና አንድ ጠጠር ሜዳ ላይ ፈተናቸው። አስተማሪው ከጎናቸው ገባ፣ ሰባት ደቂቃ ሄዱ፣ ተመለሱ። ሰውየው ወርዶ የመኪናዋን ጣሪያ ተደግፎ ትንሽ ቆመ፤ ከዚያ ፈረመ።

ውድድሩ ወደ ፔንሲልቬኒያ ተራሮች ነበር። ሐሙስ ማታ ደርሰን ሞቴል አደርን፣ አርብ ጠዋት መንገዱን ለመጻፍ ወጣን። ያንን ጫካ አይቼ አላውቅም ነበር፤ ቅጠሉ ግማሹ ቢጫ፣ ግማሹ እንደ በርበሬ፣ መንገዱ ላይ ረግፎ ጠጠሩን ሸፍኖታል። አርብ ስለነበር ጋሼ ጾም ናቸው። ነዳጅ ማደያው ያለው ሥጋ ብቻ ነው፤ ሮይ ሆትዶግ በሆትዶግ ላይ ሲደራርብ ጋሼ ባለቤታቸው በፌስታል የቋጠሩላቸውን ቆሎ ይቆረጥማሉ። እኔም አፈርኩና ቆሎ በላሁ።

ቀስ ብለው እየነዱ ይነግሩኛል፣ እኔ በአማርኛ እጽፋለሁ። ቁጥር አለው፤ አንድ መኪናዋ ልትቆም ምንም የማይቀራት ጥምዝ ነው፣ ስድስት መሪው እምብዛም የማይነካበት። ከቁጥሩ ጋር ቃል አለ። "ጀርባ" ማለት መንገዱ እንደ በሬ ጀርባ ከፍ ብሎ ከወዲያ ያለው የማይታይበት ነው። "ልቀቃት" ማለት እስከ ወለሉ ርገጥ። አንዷን በጣም ወደድኳት፣ "አትመነው"። መግቢያው ሰፊ መስሎ መሃሉ ላይ ድንገት የሚጠብ ጥምዝ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ስንት አውቃለሁ አልኳቸው፤ ሳቁ።

ቅዳሜ ጠዋት ሄልሜት አድርገን ቀበቶ ታጥቀን መነሻው መስመር ላይ ስንቆም ወረቀቶቹን እንደገና ቆጠርኩ። የጋሼን እጅ አየሁ። መሪው ላይ አርፏል እንጂ አልጨበጠውም። ዱቄት በወንፊት የሚነፋ ሰው እጅ ነው የሚመስለው፣ የለሰለሰ። የሄልሜቶቹ ማይክሮፎን ትንፋሻቸውን ያመጣልኛል፤ እንደተኛ ሰው ነው የሚተነፍሱት። የሚያስነሳን ሰውዬ በጣቱ ቆጠረ፣ ተነሳን።

እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ አልችልም። ጫካው ሁለት ግድግዳ ሆነ። ጠጠሩ ከስር እንደ በረዶ ዝናብ ይመታል። ፓርኪንጉ ውስጥ ቡና የማያፈሱት ሰውዬ፣ መኪናዋን በጎኗ ጥምዝ ውስጥ ያስገቧትና ልክ ሲወጡ ቀጥ ይላሉ፤ እጃቸው ግን ያው ነው፣ አይቸኩልም። እኔ አነባለሁ፤ ግራ አራት፣ ጀርባ፣ ልቀቃት፣ ቀኝ ሶስት። አፌ ቦታውን አገኘ። እናቴ ባየችኝ አልኩ።

ሁለተኛው ዙር ላይ ነው የተበላሸው። አንድ ረዥም ቀጥ ያለ ቦታ ነበር፣ በግራ ገደል፣ ከታች ጉም። ጋሼ ድንገት ማውራት ጀመሩ። በዚያ ፍጥነት። "ይሄ ቁርጥ የጣርማ በርን ገደል አይመስልም? አንድ ጊዜ እኔና ዘሪሁን በዚህ ዓይነት ጉም ውስጥ..." እኔ ወረቀቱ ላይ የሚቀጥለውን አያለሁ። ቀኝ ሁለት፣ አትመነው። አያለሁ፣ አፌ ላይ ነው፣ ግን ትልቅ ሰው እያወራ ነው። እስኪጨርሱ ጠበቅኩ። ልብ በሉ፣ በዚያ ፍጥነት ላይ ጋሼ አረፍተ ነገራቸውን እስኪጨርሱ ጠበቅኩ! ከንፈሬ ላይ የእናቴ እጅ ያለ ነው የመሰለኝ።

ጥምዙ መጣ። ጋሼ በዓይናቸው አይተው ፍሬን ያዙ፣ ግን ዘግይቷል። መኪናዋ ወደ ግራ ተንሸራታ፣ ደግነቱ ገደሉ አልቆ ነበር፣ ቅጠል የሞላ ቦይ ውስጥ ገብታ ቆመች። ተመልካቾች ከዛፉ ስር ሮጠው መጡ፣ አንዲት ሕጻን ያዘለች ሴትዮ ሳትቀር እየገፉ አወጡን። ስንወጣ መጨረሻ ሆነናል። የፊት መብራቱ ተሰብሯል፣ ጎማው አንድ ነገር ይነካል። አንድ ጊዜ እንደዚያ ከተደገመ አለቀ፤ ስም የለም፣ ወረቀት የለም። እና ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ በማውራት ሳይሆን ዝም በማለት።

ለጥገና ወደሚቆምበት ሜዳ ደረስን። ሮይ በክራንቹ መኪናዋን ዞሮ አያት፤ አብረውት የመጡት መካኒኮች ጎማውን ማየት ጀመሩ። ጋሼ ከኋላ ፎይል ፈትተው ቋንጣ ፍርፍር ኮፈኑ ላይ ዘረጉ። ሮይ አንድ ጉርሻ ቀምሶ ዓይኑ እንባ ሞላ፣ ሌላ ጨመረ። እኔ አልበላሁም። ጋሼ አፋቸውን ጠርገው መጡና አጠገቤ ጎማ ላይ ተቀመጡ።

"አፍህ የት ሄዶ ነው?"

"እርስዎ እያወሩ ነበር" አልኩ።

አዩኝ። ገባቸው። መሳቅ ጀመሩ፣ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ።

"ባለፈው ሳምንት ማናጀሩን ምን አልከው?"

ነገርኳቸው። እዚህ አልጽፈውም።

"በዚያ ድምጽ" አሉኝ። "መኪና ውስጥ ሽማግሌ የለም። ባወራ በላዬ ላይ ጩህ። ብጸልይ እንኳ ጩህ። ያከበርከኝ መስሎህ ልትገድለኝ ነው እንዴ?"

ሶስተኛው ዙር ላይ ገና ከመነሳታችን ሆን ብለው ስለ አንድ የደብረ ብርሃን ባለሆቴል ማውራት ጀመሩ። ሊፈትኑኝ ነው። "ግራ ሶስት! ያዘው! ልቀቃት!" ብዬ ጆሯቸው ውስጥ ጮህኩባቸው። አንቱታ የለ፣ ጋሼ የለ። ከንፈሬ አልተመታም። ጋሼ ወሬያቸውን አቋርጠው "እንዲህ ነው" አሉና ረገጡት። ያንን ዙር ከኛ ፊት የተነሳውን መኪና ልንደርስበት ምንም አልቀረንም፤ አቧራው አፋችን ገባ።

የመጨረሻው ዙር ከሰዓት በኋላ ነበር። ፀሐይ ዝቅ ብላለች፤ መንገዱ ወደ ምዕራብ ነው የሚሄደው። ከአንድ ጀርባ ላይ ብቅ ስንል ፀሐይዋ በዛፎቹ መሃል ፊታችን ላይ ፈሰሰች። መስታወቱ አቧራ ነው፣ ነጭ ሆነ። እኔ ወረቀቱን እንጂ መንገዱን አልነበረም የማየው፣ ስለዚህ አልገባኝም፤ ጋሼ ናቸው የነገሩኝ፣ ያው በተኛ ሰው ትንፋሻቸው።

"አይታየኝም። አንብብ።"

እግራቸውን ከነዳጁ ላይ ያነሳሉ ብዬ ጠበቅኩ። አላነሱም።

አነበብኩ። በሕይወቴ እንደዚያ አንብቤ አላውቅም፤ ሃይስኩል ያሉት አስተማሪዎቼ ቢሰሙኝ ይቅርታ ይጠይቁኝ ነበር። ቀኝ አራት። ግራ አምስት፣ ረዥም። ጠባብ፣ ድልድይ፣ መሃሉን ያዝ። የድልድዩን እንጨት ከስራችን ሰማሁት፣ ልክ ነበርኩ። ቀኝ ሶስት፣ አትመነው፣ አትመነው! መኪናዋ ዞረች። ስልሳ ሰባት ዓመት የሞላው ሰው፣ ዓይኑ ሳያይ፣ ፓርኪንግ የሚሰራ አንድ አፈኛ ልጅ የሚለውን አምኖ ነዳ። ወደ ጥላ ስንገባ "መጣልኝ" አሉ፣ በቃ። ከዚያ ልቀቃት ነበር፣ ከዚያ ሰዎች፣ ከዚያ ባንዲራ።

ውጤቱ የተለጠፈው አንድ የገጠር የእሳት አደጋ ጣቢያ ግድግዳ ላይ ነው። ውስጡ የባቄላ ሾርባ ይሸታል፣ ጭቃ የጋገረባቸው ሰዎች ተሰልፈዋል። አስራ አራተኛ ወጣን። የመጨረሻውን ዙር ደግሞ እንደኛ ባሉት መኪናዎች መሃል ሁለተኛ ነበርን፣ ፀሐይዋን ጨምሮ። ሮይ እኔን አቅፎ አነሳኝ፣ በዚያ ጉልበቱ። ጋሼ መነጽራቸውን አውጥተው ወረቀቱ ጋ ቀረቡ። ጣታቸውን ከላይ ጀምረው አወረዱ፣ አስራ አራተኛው መስመር ላይ ቆሙ። ስማቸው አለ። ከነአባታቸው። ፊደሉ እንኳ አልተሳሳተም።

ጣታቸው ግን እዚያ አልቀረም። መስመሩን ተከትሎ ሄደ። ከጎኑ ሌላ ስም አለ፣ የኔ። እዚህ አገር የአንባቢም ስም ይጻፋል፤ ሁለታችንም አላወቅንም ነበር። እኔ ከዲፕሎማ የሚበልጥ ነገር ያገኘሁ ያህል ጮቤ ልረግጥ ስል ጋሼን አየኋቸው። ደስ ያለው ሰው ፊት አይደለም።

ወጥተው ከውጭ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ሾርባ ወሰድኩላቸው፣ አልነኩትም።

"ዘሪሁን ነው ስሙ" አሉ። "ስድስት ዓመት አጠገቤ ቁጭ ብሎ ያነበበልኝ። ጀርባ፣ ልቀቃት፣ አትመነው፣ እነዚህ ቃላት የኔ አይደሉም፣ እሱ ነው ያወጣቸው። የኔ ስም አልተጻፈም ብዬ አርባ ዓመት ስቃጠል፣ የሱም አለመጻፉን አንድ ቀን አስቤው አላውቅም።"

የት እንዳለ ጠየቅኳቸው። ድሬዳዋ ሥራ አግኝቶ ሄደ፣ ከዚያ ወዲያ አያውቁም። ደብዳቤም አልጻፉለትም። ሾርባው በረደ። ከዚያ ተነስተው ወደ ውስጥ ተመለሱ፤ ከአንዷ ልጅ እስክሪብቶ ለምነው፣ የተሰጣቸውን የውጤት ወረቀት ኮፒ ላይ ከኔ ስም ጎን በአማርኛ "ዘሪሁን" ብለው ጻፉ። አባቱን ለማስታወስ ትንሽ ቆሙ፣ አስታወሱ፣ እሱንም ጻፉ።

ሌላ ውድድር አልነዱም። እንደገና እንንዳ ብዬ ስጨቀጭቃቸው፣ ስሜ ወጥቷል፣ ምን ላድርግ ይሉኝ ነበር። ከውድድሩ በኋላ ሰኞ ፓርኪንጉ ውስጥ ማናጀሩ ጎማ አስጮህክ ብሎ ሲቆጣኝ፣ አስራ አራተኛ ከወጣ ሰው ጋር ነው የምታወራው አልኩት። አልገባውም። በወሩ ተባረርኩ፣ ግን ያ ሌላ ነው።

እሁድ ከዚያ አዳራሽ ከወጣሁ በኋላ አልተኛሁም። በማግስቱ ጋሼ ቤት ሄድኩ። አሁን ዓይናቸው ደክሟል፣ መንዳት ትተዋል፤ ሐኪም ቤት ሲሄዱ እኔ ነኝ የምወስዳቸው፣ ጎማ ሳላስጮህ። ካባውንም ስክሪኑንም እንባውንም ነገርኳቸው። ይናደዱልኛል ብዬ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፣ ዘሪሁንን ጠሩት ወይ አሉኝ። አልጠሩትም አልኳቸው። ተዋቸው አሉና የቴሌቪዥኑን ድምጽ ጨመሩ።

እኔ መተው አልችልም። እሳቸው ስማቸውን አግኝተዋል፣ ለዚህ ነው የሚተዉት። እኔም አግኝቻለሁ፤ ሃይስኩል ያልጨረሰ ሰው ነኝ፣ ግን አንድ የእሳት አደጋ ጣቢያ ግድግዳ ላይ ስሜ ከጋሼ ደምሰው ስም ጎን ውሎ ያውቃል፣ እና ይሄንን ማንም አይወስድብኝም። አፌን ዝም በል ላላችሁኝ ሁሉ፣ በዚያ አፍ አንድ ትልቅ ሰው ፀሐይ ውስጥ አልፎበታል። ስለዚህ በአዛውንት ንግግር መሃል እየገባሁ እንደሆነ አውቄ፣ ካባ ለደረቡት ሰውዬ አንዲት ነገር ልበል።

ኢንጂነር፣ ጤና ይስጥልኝ። ካባው ያምርብዎታል። የውድድር መኪና የኋላ ወንበሩ ተነቅሎ ይወጣል፣ የሚቀረው የፊቱ ሁለት ብቻ ነው። ያቺ ፔጆ አቧራ ውስጥ ስትታጠፍ አንደኛው ላይ ጋሼ ደምሰው ነበሩ። ሁለተኛው ላይ ዘሪሁን ነበር። እርስዎ የት ተቀምጠው ነበር?